በግ የወጋው መስኮት

ስጦታ ተወልዳ ያደገችበት የጃናሞራው ቤት መስኮት አልነበረውም። ብርሃኑ የሚገባው በበሩ ነበር፤ ጭሱም የሚወጣው በዚያው በበሩ። ብርዱ ሲጠና በሩ ይዘጋል፤ በሩ ሲዘጋ ደግሞ ቤቱ ቀንም ሌሊትም አንድ ይሆናል። እናቷ አመተ ማርያም፣ ያን ጊዜ ገና ሳይመነኩሱ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ጥጥ የሚፈትሉት በዳሰሳ ነበር። ለምን ወጥተው ደጅ ላይ እንደማይፈትሉ ስትጠይቃቸው፣ «ውጭ ብርዱ እጄን ይይዘዋል፤ እዚህ ጭሱ ዓይኔን ይይዘዋል። እጄ ይበልጥብኛል» ይሏት ነበር።

ስጦታ ትምህርቷን ልትቀጥል ብላ ደባርቅ ዘመድ ቤት መጣች፤ ትምህርቱ ግን አልገፋላትም። ለአቅመ ሥራ ስትደርስ ተራራው ላይ ካለ አንድ የእንግዳ ሎጅ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን አንድ ጠዋት ክፍል ስታጸዳ መጋረጃውን ገለጠች። ውጭ ውርጭ ወድቆ ሣሩ ሁሉ አመድ ለብሷል። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እርስ በርስ ተቃቅፈው ፀሐይ ይጠብቃሉ። መዳፏን መስታወቱ ላይ አሳረፈች፤ የጠበቀችው ብርድ አልመጣም። እጇን አንስታ እንደገና አሳረፈች።

«ይኼ መስታወት ምን ሆኗል?» ብላ አብራት የምትሠራውን ሴት ጠየቀቻት።

«አንድ እኮ አይደለም፤ ሁለት ነው» አለቻት ሴትዮዋ አልጋውን እያነጠፈች። «በመካከላቸው አየር ታስሯል።»

«አየር እንዴት ይታሰራል?»

«እኔ ምን አውቄ። አስረውታል።»

ስጦታ ብዙ ዓመት እነዚያን መስኮቶች ጠረገች። በመካከሉ ቻላቸውን አገባች። ቻላቸው ከደባርቅ በዳባት አድርጎ ጎንደር የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ረጋ ያለ፣ መሪ ይዞም ሆነ ቤቱ ተቀምጦ የማይቸኩል ሰው። ሁለቱ ተረዳድተው ከከተማው ዳር፣ የጃናሞራው መንገድ ከሚገባበት በኩል፣ የጭቃ ቤት ሠሩ። ቤቱ ቆርቆሮ ለብሶ፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ ግን የመስኮቱ ቦታ ባዶውን ቀረ። መስኮት ይቀራል እያሉ ዓመት አለፈ።

ከዕለታት አንድ ቀን ሎጁ ክፍሎቹን ሲያድስ የድሮዎቹ መስኮቶች ተነቅለው ከማብሰያ ቤቱ ጀርባ ተደረደሩ። ስጦታ ኃላፊው ዘንድ ሄደች።

«አንዱን ልውሰደው?»

«ምን ታደርጊበታለሽ?»

«አይበታለሁ።»

ሰውየው ሳቀና ውሰጂው አላት። ገብስ ጭኖ በሚወርድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረች። መስኮቱን በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ከጆንያዎቹ መካከል ቁጭ ብላ፣ እስከ ደባርቅ ድረስ ታቅፋው ወረደች። መንገዱ ባነጠራት ቁጥር እሷ ለወገቧ ሳይሆን ለመስታወቱ ትሳቀቅ ነበር። ቤት ሲደርስ ግን ከተተወለት ቦታ ሰፍቶ ተገኘ። ለማስገባት ከግድግዳው አንድ ቋሚ መነሳት ነበረበት። ቻላቸው ቋሚውን ሲያስነቅል ቆይቶ፣ «ለካ ቤቱን የሠራነው ለመስኮቱ ኖሯል» አለ።

እማሆይ አመተ ማርያም ወደ ልጃቸው ቤት የመጡት ባላቸው አርፈው፣ ቆብ ደፍተው፣ ብቻቸውን መኖር ከከበዳቸው በኋላ ነው። ሲመጡም ለክረምቱ ብቻ ብለው ነበር። «ከተማ ሰው ጎረቤቱን አያውቅም፤ መስቀል ሲያልፍ እመለሳለሁ» አሉ። ስጦታ ዝቅ ያለች በርጩማ አምጥታ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችላቸው። እማሆይ እንዝርታቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ከጃናሞራ ለገበያ የሚወርድ ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ መንገድ ነው። እማሆይ ዓይናቸው ከሩቅ ፊት አይለይም፤ አካሄድ ግን ይለያል፣ የበቅሎ አረማመድም ይለያል። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ስጦታ ከጓዳ ስትወጣ እናቷ ወደ መስታወቱ አዘንብለው አገኘቻቸው።

«የደርቤ በቅሎ ታነክሳለች። ምን አገኛት?»

«የቱ ደርቤ?»

«የኛው ደርቤ ነዋ። ሂጂ ጥሪው። ያቺ ደግሞ የየሺዋስ ሚስት ናት፤ ያዘለችው ልጅ አዲስ ነው። እሷንም ጥሪያት።»

ሰው ተጠራ፤ ጠላ ቀረበ፤ የአገር ቤት ወሬ በሙሉ መጣ። በየገበያው ቀን እንዲሁ ሆነ። መስቀል አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፤ እማሆይ ስለ መመለስ አላነሱም። ጭስ በሌለበትና ብርድ በማይገባበት ብርሃን የሚፈትሉት ክር እንደ ድሮው ቀጠነ። ሸማኔው ራሱ ይህን ማን ፈተለው ብሎ ጠየቀ።

እንግዳ ሲጠፋ ሎጁ ሠራተኛ ቀነሰ፤ ስጦታም ቤቷ ገባች። ከጓዳው ጎን የዳቦ ምድጃ አሠርታ ለሻይ ቤቶች ዳቦ ማስረከብ ጀመረች። እንዲህ እየኖሩ ሳለ ነው የቄስ ገብረ ኪዳን በግ የመጣባቸው።

ቄስ ገብረ ኪዳን የቅርብ ጎረቤታቸው ናቸው። ለአዲስ ዓመት ብለው የሚያሳድጉት ግንባሩ ቦቃ የሆነ አውራ በግ ነበራቸው። ቀንዱ ወደ ኋላ ዞሮ የተጠቀለለ፣ አንገቱ እንደ ግንድ የወፈረ። ልጆች ይሸሹታል፤ ውሻም መንገድ ይለቅለታል። በሐምሌ አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ አለና ፀሐይ ቦግ አለች። በጉ የታሰረበትን ገመድ በጥሶ ወደ መንገዱ ወጣ።

ስጦታ ዳቦ እያወጣች ሳለ ጥይት የተተኮሰ የመሰለ ድምፅ ሰማች። አካፋውን ጥላ ወደ ዋናው ቤት ሮጠች። እማሆይ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ እንዝርቱም ከእጃቸው አልወደቀም። ከመስኮቱ ውጭ አውራው በግ ቆሟል። ጀርባው ላይ የመስታወት ስባሪ ያብረቀርቃል፤ ዓይኑን ያርገበግባል።

«እማ፣ ተነካሽ ወይ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩ። እሱን እዪው።»

ስጦታ እናቷን ራሳቸውን፣ ፊታቸውን፣ እጃቸውን ዳበሰች። ምንም የለም። ከዚያ መስኮቱን አየች። የውጭው መስታወት እንዳለ ወርዷል፤ የውስጡ ግን ጭረት እንኳ ሳይነካው ቆሟል። እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «ተመስገን» አለች ቀስ ብላ።

እማሆይ ነገሩን ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያወሩት፦ «መጣና ፊት ለፊቴ ቆመ። እኔን የሚያየኝ መስሎኝ ‹ምን ፈለግህ?› አልኩት። ለካ የሚያየው ራሱን ነው፣ ሌላ በግ መስሎታል። ወደ ኋላ ሄደ። መሄዱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጨምሮ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አንገቱን ደፋ። ‹በስመ አብ› ብዬ ‹ወወልድ› ሳልል ደረሰ። አንዱን መስታወት ለበጉ ሰጠነው፤ አንዱ ለእኔ ተረፈልኝ።»

ቄስ ገብረ ኪዳን በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«ይግቡ እንጂ አባ» አለች ስጦታ።

«በምን ፊቴ ልግባ፣ ልጄ? እማሆይን ልገድልብሽ ነበር። በጉን እሰጥሻለሁ፤ አርደሽም ሸጠሽም ቤትሽን አድሺ።»

«በጉን ምን ላድርገው አባ? እኔን የቸገረኝ መስታወት ነው።»

«እንግዲያው ጉልበቴ አለልሽ። ቅዳሴ ከሌለብኝ ቀን በቀር ያዘዝሽኝን እሠራለሁ።»

እማሆይ ከውስጥ፣ «አባቴ፣ መጀመሪያ ይግቡና ይባርኩኝ፤ ሥራው ይደርሳል» ሲሏቸው ገቡ።

ዝናቡ አላቋረጠምና የቀረው መስታወት እንዳይሰበር ቻላቸው ከውጭ በኩል ጣውላ መታበት፤ ጣውላው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነበት። ቤቱ ጨለመ። እማሆይ በርጩማቸውን ወደ በሩ ወሰዱ። በሩ ደግሞ ነፋስ ነው፤ ሳል ያዛቸው። በገበያ ቀን የሚያልፈውን ሰው ለማየት ነጠላቸውን ተከናንበው ጭቃው ላይ ይቆሙ ጀመር። ስጦታ እጃቸውን ይዛ ስታስገባቸው ይከተሏታል። አንድ ቀን ግን፣ «መስቀል ሲያልፍ ወደ አገሬ ብመለስ ይሻላል» አሉ። ያን ቃል ከብዙ ጊዜ በኋላ መስማቷ ነበር። ስጦታ ዳቦዋን አስረክባ ስትመለስ ቀጥታ ወደ መስታወት ቆራጩ ወደ ሚናስ ሱቅ ሄደች።

ሚናስ ወጣት ነው፤ የሥዕለ አድኅኖ ክፈፍ ይሠራል፣ የተሰበረ መስኮትም ይተካል። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ ስጦታ፣ እንዲህ ያለ ድርብ መስታወት እዚህ አይገኝም። ነጠላውን እቆርጥልሻለሁ። መግጠሙን ግን እኔም ሠርቼው አላውቅም።»

«ቁረጥልኝ። መግጠሙን እንሞክረዋለን።»

የሁለቱን መስታወት ዳር የሚያያይዝ ነገር ያስፈልግ ነበር። ሚናስ መስታወት የሚያጣብቅበት ስቱኮ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ የጎንደር መንገድ በዚያ ሰሞን ተዘግቶ የቻላቸው ሚኒባስም ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ዕቃ የሚያመጣ ሰው የለም። በዚህ ጊዜ ቄስ ገብረ ኪዳን አንድ ሐሳብ አመጡ።

«ሰም ውኃ ያስገባል? አያስገባም። ጧፍ ስንሠራ ስንት ዘመን ይዘነዋል። ዳርና ዳሩን በሰም ብንደፍነውስ?»

ቻላቸው ሚስቱን አየ፤ ስጦታም ባሏን አየችው። የተሻለ ያለው ሰው አልነበረም።

ቄሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰም አቀለጡ። መስኮቱ ከክፈፉ ወጥቶ አልጋ ላይ ተጋደመ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን የአሉሚኒየም ዘንግ አለ፤ ከእሱ ላይ የቀረውን ስባሪ ስጦታ በቢላዋ ጫፍ ለቅማ አወጣች። አዲሱን መስታወት አስቀመጡ፣ ዳሩን በሰም ደፈኑ፣ ወደ ቦታው መለሱት። ጣውላውና ከረጢቱ ተነሣ። ቤቱ በራ። እማሆይ በርጩማቸውን መልሰው መስኮቱ ሥር አደረጉ፤ ቄሱንም መረቋቸው።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ጥቂት ቀን እንዳለፈ ጠዋት ጠዋት በሁለቱ መስታወት መካከል ስስ ጭጋግ መታየት ጀመረ። ስጦታ ከውስጥ ጠረገችው፤ ከውጭ ጠረገችው፤ አይነካም። ቆይቶ ጭጋጉ ጤዛ ሆነ፤ ጤዛው እየተንቆረዘዘ ከሥር ተጠራቀመ። መንገድ የሚያልፈው ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ቀረ።

እማሆይ ብዙ ታገሡ። አንድ ረፋድ ግን እንዝርታቸውን አስቀመጡና፣ «ስሚ ልጄ፣ የጃናሞራ ጉም ፀሐይ ሲሞቅ ይገለጣል። ያንቺ ጉም የሚገለጠው መቼ ነው?» አሉ።

ቻላቸው ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። ስጦታም ሳቀች። ነገር ግን እናቷ የሚሄዱት ቀን ቆጥረው ሳይሆን እንዲህ ቀስ በቀስ ልባቸው ሲነሣ እንደሆነ ታውቃለች።

ቄስ ገብረ ኪዳን ከሁሉ ይልቅ አዘኑ። «ሰሙ ነው ያሳፈረኝ» ይሉ ነበር ላገኙት ሁሉ። ስጦታ ግን፣ «አባ፣ ሰሙ የሚችለውን ሠርቷል፤ እኛ ያላወቅነው አንድ ነገር አለ» አለቻቸው። በዚያው ቀን ስልኳን አንሥታ ለአንዱዓለም ደወለች። አንዱዓለም ሎጁ ውስጥ አብሯት ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ጎንደር ከአንድ የአሉሚኒየምና የመስታወት ሥራ ቤት ተቀጥሯል።

«እትዬ፣ ያ ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው» አላት። «በውስጡ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ያሉ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። ሥራቸው በመካከል የቀረውን እርጥበት መጠጣት ነው። ያንቺዎቹ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲጠጡ ከርመው ጠግበዋል፤ ሌላ የሚጠጡበት ሆድ የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አውጥተሽ አድርቂያቸው፤ በኃይለኛ እሳት። የሚጎድለውን ደግሞ አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘው ትንሽ ከረጢት አለች አይደል? እሷም ያው ናት፤ ግን እሷን በቀስታ ነው የምታሞቂያት። አሁን ግን አትንኪው። አየሩ እርጥብ ነው፤ ያንኑ እርጥበት መልሰሽ ትዘጊበታለሽ። መስቀል ይለፍ። ሲልከን የሚባለውን ማጣበቂያ መንገድ ሲከፈት ለቻላቸው እሰጠዋለሁ።»

መስከረም ጠባ። ቄስ ገብረ ኪዳን አውራውን በግ ለአዲስ ዓመት አረዱት። ለእነስጦታ ሥጋ ላኩላቸው። እማሆይ ሥጋ ስለማይበሉ ለእሳቸው ቆዳውን አስፍቀው፣ አለስልሰው፣ አጎዛ አድርገው ራሳቸው ይዘው መጡ። በርጩማው ላይ አነጠፉላቸው። እማሆይ በእጃቸው ዳበሱትና፣ «አሁን ታረቅን» አሉ።

ስጦታ የጫማ ሻጮቹን ዘንድ ሄዳ ስለ ትንንሾቹ ከረጢቶች ስትጠይቅ መጀመሪያ የሚያምናት አልተገኘም። «እሱ እኮ ይጣላል» አሏት። «ለእኔ አትጣሉት» አለቻቸው። ገበያው ሲበተን አንዱ በፌስታል ሞልቶ አመጣላት። ሌላው ደግሞ ወሬውን ሰምቶ ቤቷ ድረስ ላከ። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «ለመስኮቴ» ትላለች፤ ሰዎቹም ይተያያሉ።

መንገዱ ተከፈተና ቻላቸው ከጎንደር ሲልከኑን ይዞ መጣ። ጥቅምት ሲገባ ሰማዩ ጠራ፤ ነፋሱ ደረቀ፤ የሰው ከንፈር መሰንጠቅ ጀመረ። ስጦታ ይህን ነበር የምትጠብቀው።

በሥራው ቀን ዳቦዋን አስቀድማ ጋግራ ጨረሰች። መስኮቱን አወረዱት። ሰሙን ፋቁ። የዘንጉን አንድ ማዕዘን ቻላቸው በፒንሳ ከፈተው፤ አንዱዓለም እንዳለው ደቃቆቹ እንክብሎች በብረት መጥበሻ ላይ ፈሰሱ። እማሆይ ጎንበስ ብለው አዩዋቸው።

«ይህን ያህሏ ፍሬ ናት ያን ሁሉ ጉም የምትጠጣው?»

«ትጠጣለች አሉ» አለች ስጦታ።

«ጎበዝ ናት።»

መጥበሻው ከዳቦ ምድጃው ፍም ላይ ተጣደ። የጫማውን ከረጢቶች ፍሬ ደግሞ እሳቱ በረድ ካለበት በኩል ለብቻው በሌላ ሳህን አደረገችው። ቄስ ገብረ ኪዳን አጠገቡ ቆመው በእንጨት ያማስሉ ጀመር፤ «እንደ ሰሙ እንዳያሳፍረኝ» እያሉ ላባቸውን ይጠርጋሉ። በዚህ መካከል ስጦታና ቻላቸው መስታወቶቹን በሁለት በኩል አጠቡ፣ አደረቁ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉ። አንዱዓለም የጣት አሻራ ከውስጥ ከቀረ ለዘላለም ይቀራል ብሏት ስለነበር ስጦታ እጇን በፌስታል ጠቅልላ ነው የሠራችው። በሎጁ ያሳለፈችው ዘመን ሁሉ ለዚህች አንዲት ጠረጋ መለማመጃ የነበረ መሰላት።

ፍሬዎቹ ሲነኩ የሚያደርቁ፣ ምላስ ላይ ቢጣሉ የሚጣበቁ ዓይነት ሲሆኑ ወጡ። ገና ትኩስ እንዳሉ፣ እጅ እንዳይነካቸው በወረቀት እያንቆረቆሩ ወደ ዘንጉ መለሷቸው። ማዕዘኑ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ፣ ፍሬዎቹ የውጭውን እርጥበት እንዳይጠጡ፣ ጥድፊያ ሆነ፤ በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቀው ቻላቸው እንኳ ቸኮለ።

«ያዝ፣ ያዝ፤ ወደ አንተ ሳበው።»

«ይዣለሁ።»

«አባ፣ ጥላዎ ዳሩን ሸፈነብኝ።»

«ይቅርታ ልጄ፣ ዞር አልኩ።»

ስጦታ ሲልከኑን ዙሪያውን ሳታቋርጥ ሳበችው። ጣቷን በሳሙና ውኃ እየነከረች አስተካከለችው። ሲያበቃ መስኮቱን እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ቀን ቤት ውስጥ አጋደሙት፤ በላዩ ማንም እንዳያስነጥስ እማሆይ ዘብ ቆሙ።

ወደ ቦታው ሲመለስ ነው ቻላቸው ያየው። ከሁለቱ መስታወት መካከል፣ ወደ ታችኛው ማዕዘን ጠጋ ብሎ፣ የጥጥ ጭራ የምታክል ነጭ ነገር አለች። ሥራው ሲሠራ እማሆይ እዚያው ጥግ ጥጥ ይነድፉ ነበርና አንዷ በርራ ገብታለች።

«እንደገና እንክፈተው እንዴ?» አለ ቻላቸው፤ ፊቱ ግን አይከፈትም ብላ እንድትመልስለት ይለምናል።

ስጦታ ጎንበስ ብላ አየቻት። ለካ ያን ያህል ተጠንቅቃ፣ እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከሁሉ የቀደመችው ጥጧ ናት። ሳቋ መጣ። «ትቀመጥ» አለች። «የእማ ፊርማ ናት።»

የኅዳር ብርድ መጣ። ደባርቅ ላይ ጠዋት ጠዋት የጉድጓድ ውኃ ላይ ስስ በረዶ ይጋገራል፤ የቆርቆሮው ጠርዝ ነጭ ይሆናል። ስጦታ ገና ከአልጋዋ ስትነሣ መጀመሪያ የምትሄደው ወደ መስኮቱ ነበር። አንድ ጠዋት ጥርት ብሎ አገኘችው፤ በነጋታውም፤ በሳምንቱም። ከዚያ በኋላ ማየቱን ረሳችው፤ ደህና የሆነ ነገር እንዲህ ነው የሚረሳው።

እማሆይን ሳሉ ተዋቸው። የገበያ ቀን እንግዶች ተመለሱ። ቄስ ገብረ ኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስኮቱ ፊት ቆም ብለው መስቀላቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የሚሉት አይሰማም፤ እማሆይ ግን ከውስጥ «አሜን» ይላሉ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። መመለስ የሚባለው ነገር በዚያ ቤት ውስጥ የሚነሣበት ምክንያት ጠፋ።

ለጥምቀት የእማሆይ ታናሽ እህት ልደቱ ከጃናሞራ መጡ። በልጅነታቸው ከእህታቸው ጋር የተጣሉት ሁሉ ያልበቃቸው፣ አንደበታቸው የማይደክም ሴት ናቸው። ሲገቡ መስኮቱን አዩና ጠጋ ብለው ቆሙ። ቆይተው እጃቸውን በመስታወቱ ላይ አሳረፉ።

«ብርድ የት ሄደ?» አሉ።

«ፍሬ ጠጣችው» አሏቸው እማሆይ ረጋ ብለው፣ ከዚህ በላይ ማብራራት እንደማያስፈልግ ሁሉ።

ታቦቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ የሚወርደው በዚያው መንገድ ስለሆነ ሁለቱም ሊያዩት ፈለጉ። በርጩማው ግን አንድ ነው። እማሆይ የቤቱ እናት እኔ ነኝ አሉ፤ ልደቱ እንግዳ እኔ ነኝ አሉ። ስጦታ ከጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች፤ እጇ ሊጥ ውስጥ ነው፤ ለመገላገል አልቸኮለችም። በመጨረሻ ድምፃቸው ዝቅ ሲል ብቅ ብላ አየቻቸው። ሁለቱ አሮጊቶች በአንዲቱ በርጩማ ላይ ጎንና ጎን ተጣበው፣ አንዱን ጋቢ ለሁለት ለብሰው ተቀምጠዋል። ውጭ ከበሮው እየቀረበ ነው።

«እህቴ፣ ያ ነጭ ጥምጣም የማን ነው?» አሉ ልደቱ።

«ቆይ፣ ይቅረብና አካሄዱን ልየው» አሉ እማሆይ።